ለትንንሽ ክለቦች የተዘጋው ድጋፍ ይከፈት፦ ለፈንዱ የቦርድ አባላት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የበጎ አድራጎት ፈንዱ የቦርድ አባላት፣
ለፕሮጀክት ገምጋሚ ኮሚቴው፣
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክለቦች የሚሰጠው ድጋፍ መመሪያ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

የአክብሮት ሰላምታችንን እናስቀድማለን።

ይህን የምንጽፍላችሁ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ የቀላል ባቡሩ መስመር አያት ላይ ካበቃ በኋላ እስከ ቦሌ አራብሳ ድረስ ባሉት ሰፈሮች የምንሠራ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክለብ አባላት ነን። መካከላችን መምህር አለ፤ ነርስ አለች፤ ግንበኛ፣ የሃይገር ሾፌር፣ ባለ ሱቅና ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኞች አሉ። በየወሩ እናዋጣለን፤ በእረፍት ቀናችን እንሠራለን። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የለንም፤ ቢሮም የለንም። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ተመዝግበን ሒሳባችንን እያስመረመርን የምንሠራ ነን።

የፈንዳችሁን ስም አልጠቀስንም። የምናነሳው ቅሬታ ተመሳሳይ መመሪያ ያላቸውን ሌሎች ድጋፍ ሰጪዎችም ስለሚመለከት፣ የሚያነብ ሁሉ ራሱን እንዲመለከትበት ብለን ነው። እናንተ ግን ደብዳቤው ለእናንተ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ከዚህ በፊት በማኅተማችን ጽፈንላችሁ መልስ ያላገኘንባቸው ጉዳዮች ናቸውና።

ለመጻፍ ያስገደደን ለሚመጣው በጀት ዓመት ያወጣችሁት ማስታወቂያ ነው። ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ የፕሮጀክት ሐሳብ ከእንግዲህ አይታይም ይላል። አመልካቹ ከጠቅላላው ወጪ 30 በመቶውን በጥሬ ገንዘብ ባንክ አስገብቶ ማሳየት አለበት ይላል። ጉልበትና ዕቃ እንደ መዋጮ አይቆጠርም ይላል። ምክንያቱ «የአስተዳደር ወጪን ለመቀነስና ውጤታማነትን ለማሳደግ» የሚል አንድ ሐረግ ብቻ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የ2 ሚሊዮን ብር 30 በመቶ 600 ሺህ ብር ነው። በወር መዋጮ የሚተዳደር የሰፈር ክለብ 600 ሺህ ብር ጥሬ ገንዘብ ባንክ አስቀምጦ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የስንቱን ቤት ጣሪያ ሳይሠራ ገንዘቡን ይዞ እንደተቀመጠ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። እኛ ያለን ገንዘብ በገባበት ወር ይወጣል፤ የተቋቋምነውም ለዚህ ነው። እናንተ ያወጣችሁትን መስፈርት የሚያሟላው ሌላ ሰጪ ያገኘ፣ ቢሮና ቅጥር ሠራተኛ ያለው ትልቅ ድርጅት ብቻ ነው። ላለው ይጨመርለታል ማለት ይህ ነው፤ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ግን እንዲህ ያለ መመሪያ አይገባውም።

በእኛ ሰፈር ችግሩ በ2 ሚሊዮን ብር አይለካም። የአንድ አዛውንት ጣሪያ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት የሴቶች መጸዳጃ በር ነው። ዊልቸር ያላገኘ ልጅ ነው፤ ከመሐል ከተማ ተነሥተው፣ የኖሩበትን እድር ትተው ኮንዶሚኒየም የገቡ እናት ቀባሪ ማጣት ነው። እነዚህን ሁሉ ባንድ ጠርዞ የ2 ሚሊዮን ብር ፕሮጀክት ማስመሰል ይቻላል፤ እንዲህ የሚያደርጉ እንዳሉም እንሰማለን። እኛ ግን የማንሠራውን ጽፈን ገንዘብ መጠየቅ አንፈልግም።

አሁን በእኛ ላይ የደረሰውን እንዘርዝር።

ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ በቀድሞው የገበሬ መንደር የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። የጭቃ ቤታቸው ማገር በስብሷል፤ ቋሚውን ምስጥ በልቶታል፤ ቆርቆሮው ነፋስ እንዳይወስደው አሮጌ ጎማና ድንጋይ ተጭኖበታል። ዝናብ ሲጥል አልጋቸውን ወደ በሩ ይጎትታሉ፤ ባዶ በቀረው ቦታ ሳፋ፣ ባልዲና ድስት ይደረድራሉ። ሳፋው ሲሞላ ውኃውን የሚደፋላቸው የጎረቤት ልጅ ነው። ይህን ቤት ለማደስ በጥቅምት ወር አመለከትን፤ በጥር ወር ተፈቀደ ተባልን፤ ውል ፈረምን። አጠናውን፣ ሞራሌውን፣ ቆርቆሮውንና ሚስማሩን በፕሮፎርማ አስጠናን። ግንበኛውና አናጺው አባሎቻችን በመሆናቸው የእጅ ዋጋ አልጠየቅንም። ገንዘቡ ሂሳባችን የገባው በሰኔ ወር አጋማሽ ነው። ውሉ ደግሞ ሥራው እስከ ሰኔ 30 ተጠናቆ ሪፖርት እንዲቀርብ ያዝዛል።

በሰኔ አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ የጭቃ ቤት ጣሪያ አይገለጥም። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ በዝናብ የራሰ የጭቃ ግድግዳ ይፈርሳል። እስከ ጥቅምት እንዲራዘምልን በደብዳቤ ጠየቅን። መልሳችሁ «ያልተሠራበት ገንዘብ ይመለስ፤ በአዲሱ ዓመት በድጋሚ ያመልክቱ» የሚል ነበር። መለስን። አባላቱ ከኪሳችን አዋጥተን ሸራ ገዛን፤ ጣሪያው ላይ ወጠርነው፤ እናታችን ያን ክረምት በሸራ ሥር ከረሙ። በአዲሱ ዓመት በድጋሚ እንድናመለክት የነገራችሁን ደግሞ ይኸው በ2 ሚሊዮኑ ወሰን ተዘጋ። እኚህ እናት የማን ፕሮጀክት ሊሆኑ ነው?

ሁለተኛው ጉዳይ የትምህርት ቤቱ የውኃ ሥራ ነው። በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የእጅ መታጠቢያ፣ የውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶና ለሴት ተማሪዎች በወር አበባ ጊዜ የሚገለገሉበት አንድ ክፍል ለመሥራት በግንቦት 2016 ዓ.ም. ውል ገባን። ውሉ በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ቧንቧው፣ ፓምፑ፣ መገጣጠሚያው ከውጭ የሚገባ ነው፤ በፕሮፎርማው ዋጋ የሚሸጥልን ነጋዴ አጣን። ማስተካከያ ጠየቅን፤ «በውሉ መሠረት ይፈጸም» ተባልን። ፓምፑን ትተን፣ ክፍሉን ትተን፣ ከስድስቱ ቧንቧ ሁለቱን ብቻ ገጠምን። ዛሬ በእረፍት ሰዓት ልጆቹ በሁለት ቧንቧ ላይ ይጋፋሉ፤ አራቱ ቀዳዳዎች በጨርቅ ተወትፈዋል። ለሴቶቹ ልጆች ታስቦ የነበረው ክፍል መሠረቱ ብቻ ወጥቶ ሣር በቅሎበታል።

በዚህ ነጥብ ላይ በግልጽ መናገር አለብን። የፈንዳችሁ ዋና ገቢ በውጭ ምንዛሪ እንደሚመጣ ራሳችሁ ባወጣችሁት ዓመታዊ ሪፖርት ላይ አንብበናል። የብር ዋጋ ሲወርድ ያው ዶላር በብር ሲመነዘር በዝቷል። የእኛ ውል ግን በድሮው ቁጥር ቀረ። የምንዛሪው ለውጥ ሸክም ሙሉ በሙሉ ልጆቹ ላይ ወደቀ፤ በብር የመጣው ጭማሪ ደግሞ ፈንዱ ዘንድ ቀረ። ገንዘቡ ጠፋ አላልንም፤ ለምን ሥራ እንደዋለ ግን ውል የፈረምን ክለቦች ማወቅ አለብን።

ስለ ጉልበት መዋጮም የምንለው አለን። ይህች አገር ደቦን፣ ጅጌንና ወንፈልን የምታውቅ አገር ናት። ገንዘብ የሌለው ሰው እህሉን የሚያጭደው፣ ቤቱን የሚያቆመው ጎረቤቱ በሚያዋጣለት ጉልበት ነው። የክለባችን አናጺ በቅዳሜው ቀን ሌላ ቦታ ቢሠራ የሚያገኘውን ትቶ ሲመጣ የሰጠው ገንዘብ ነው፤ ልዩነቱ በባንክ በኩል አለማለፉ ብቻ ነው። ይህ የእኛ ብቻ አስተያየት አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 የበጎ ፈቃድ ሥራ እንዴት እንደሚለካ የሚያስረዳ መመሪያ አሳትሟል። በአሜሪካም የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ኅብረት የሆነው ኢንዲፔንደንት ሴክተር የአንድ ሰዓት በጎ ፈቃድ ሥራ በገንዘብ ምን ያህል እንደሚያወጣ በየዓመቱ ያሳውቃል። ሊለካ የሚችልን ነገር ዜሮ ብሎ መጻፍ ለሒሳብ ይቀልል ይሆናል፤ እውነት ግን አይደለም። ጉልበታችን ዜሮ ከተባለ እኛ ከከተማ ዳር ያለን ሰዎች የምናዋጣው ምንም የለም ማለት ነው።

ስለ ደረሰኝ ብዙ አንልም፤ ነገሩ የታወቀ ነው። ከዋናው መንገድ እስከ ሰዎቹ ቤት ድረስ መኪና አይገባም። አሸዋውን፣ ሲሚንቶውንና ቆርቆሮውን የሚያደርስልን ባለ ጋሪ ነው። ባለ ጋሪ ደረሰኝ የለውም፤ የቀን ሠራተኛም እንዲሁ። የከፈልነውን በስም፣ በፊርማና በመታወቂያ ቅጂ አስደግፈን አቀረብን፤ ገምጋሚያችሁ በቀይ ቀለም ሰረዘው። ያን ገንዘብ ገንዘብ ያዥና ሊቀመንበር ተካፍለን ከደመወዛችን መለስን።

ከሰረዛችሁት ውስጥ የዕቃ ማጓጓዣም አለ። «የአስተዳደር ወጪ ነው» ተባለ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአንድ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ እንደሌለበት ይደነግጋል፤ እናከብረዋለን። ነገር ግን በዚያው አዋጅ የአስተዳደር ወጪ የተባለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘ፣ ድርጅቱ እንዲቀጥል የሚወጣ ወጪ ነው። ቆርቆሮ ወደሚከደንበት ቤት ማድረስ ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ካልተያያዘ ምን ሊያያዝ ነው? የቀድሞው የ2001 አዋጅ ቁጥር 621 በዚህ ጉዳይ ስንቱን ማኅበር እንዳስጨነቀ የምታስታውሱት ይመስለናል። ሕግ አውጪው ያላላውን እናንተ መልሳችሁ አጠበቃችሁት። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በጎ ፈቃደኝነትን ለማበረታታት የሚውል የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ እንዲኖርም ደንግጓል፤ የሕጉ መንፈስ ወዴት እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ሌላም ነገር ከዚሁ አዋጅ እናስታውሳችሁ። እድርና እቁብ በአዋጁ አይሸፈኑም። እናንተ ደግሞ የምዝገባ ምስክር ወረቀት የሌለው አያመልክት ብላችኋል። ስለዚህ በሰፈራችን ማን እንደታመመ፣ ማን እንደቸገረው፣ የማን ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ ጠንቅቀው የሚያውቁት እድሮች በቀጥታ ሊያመለክቱ አይችሉም። እስካሁን ያመለከቱት በእኛ በኩል ነው። የእናታችንን ቤት የጠቆመን እድራቸው ነው። የእኛ ዓይነት ክለብ ሲዘጋበት እድሩም አብሮ ይዘጋበታል።

ከሁሉ በላይ የከበደን ግን የፎቶግራፉ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንጽፋለን።

መመሪያችሁ የድጋፉ ተቀባይ ዕቃውን እንደያዘ፣ ፊቱ በግልጽ እየታየ፣ የፈንዱ አርማ ካለበት ባነር ፊት ቆሞ እንዲነሣ ያዝዛል። ፎቶግራፍ የሌለው ተቀባይ እንደተረዳ አይቆጠርም። ለፋሲካ ማዕድ ማጋራት ዱቄትና ዘይት ስናከፋፍል አንድ አባት ተራቸው ደረሰ። በሥራ ዘመናቸው ብዙ ሰው ያስተማሩ፣ አሁን በጡረታ ብቻ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ነው የመጡት። ዘይቱን ተቀበሉ። ፎቶግራፍ አንሺው ወደ ባነሩ እንዲጠጉ ሲጠይቃቸው ዘይቱን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡትና «ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ ዓረብ አገር ናት። ይህን በስልኳ ካየች እንቅልፍ አትተኛም» ብለው ወጡ። ሮጠን ደረስንባቸው፤ ለመንናቸው፤ ያለ ፎቶግራፍ ውሰዱ አልናቸው፤ የእሳቸውን ድርሻ ከመዋጮአችን ተካን። ስማቸው ከሪፖርቱ ወጣ።

ቀኝ እጅ የሚሰጠውን ግራ እጅ አይወቅ የሚለውን ቃል ሰምቶ ያደገ ሕዝብ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ሰደቃን ሰውሮ መስጠት እንደሚበልጥ ይነግሩናል። የተቸገረ ሰው ፊት ለባነር ማስዋቢያ አይደለም። ለቁጥጥር ማስረጃ መፈለጋችሁ ትክክል ነው፤ እኛም እንፈልጋለን፤ የሰረቀ ካለ ይያዝ። ነገር ግን የተፈረመበት ዝርዝር አለ፤ የእድር ዳኛ ምስክርነት አለ፤ የወረዳ ማረጋገጫ አለ፤ ራሳችሁ መጥታችሁ የምታዩበት በር ክፍት ነው። ከፈረምንላችሁ ሥራዎች ውስጥ ገምጋሚያችሁ በአካል መጥቶ ያየው እስከ ዛሬ የለም።

ባነሩና የርክክብ ሥነ ሥርዓቱ ግን በጀት አለው። ቲሸርት በጀት አለው። ቀኑን ሙሉ አሸዋ ለተሸከሙ ወጣቶች ዳቦና ውኃ መግዣ «የማይፈቀድ ወጪ» ነው።

ትንሽ ድጋፍ መስጠት ለሰጪው አድካሚ መሆኑን እንረዳለን፤ ብዙ ወረቀት ያመጣል። ይህንኑ ችግር የፈቱ ግን አሉ። የሮታሪ ክለቦች የበጎ አድራጎት ፈንድ የሆነው የሮታሪ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ1917 በወቅቱ የሮታሪ ፕሬዚዳንት የነበሩት አርች ክላምፍ ባቀረቡት ሐሳብ ሲጀመር የመጀመሪያ ልገሳው በካንሳስ ሲቲ ከሚገኝ ክለብ የመጣ 26 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ዛሬ ይህ ፋውንዴሽን ለትልልቅ ዓለም አቀፍ ፕሮጀክቶች የሚሰጠው ድጋፍ ቢያንስ የ30 ሺህ ዶላር በጀት ይጠይቃል፤ እሱም ወሰን አለው ማለት ነው። ነገር ግን ከዚያ ጎን ለጎን ለአካባቢ ትንንሽ ሥራዎች በዲስትሪክት፣ ማለትም የአንድ አካባቢ ክለቦች በሚሰባሰቡበት መዋቅር፣ በኩል የሚሰጥ ሌላ ድጋፍ አለው፤ የወረቀቱም ብዛት እንደ ገንዘቡ መጠን ነው። ትልቁን ከፍቶ ትንሹን አልዘጋም። እናንተም እንዲህ ማድረግ ትችላላችሁ።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

በመጀመሪያ፣ የ2 ሚሊዮን ብሩ ወሰን ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክለቦች ተግባራዊ ከመሆኑ በፊት ይነሣልን። ከጠቅላላ ገንዘባችሁ የተወሰነ ድርሻ ለትንንሽ ፕሮጀክቶች ይመደብ፤ ማመልከቻው ከጥቂት ገጽ ያልበለጠ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚቀርብ ይሁን፤ በሰፈራችን ሁለቱም ቋንቋዎች ይነገራሉና።

የ30 በመቶው መዋጮ በጥሬ ገንዘብ ብቻ መሆኑ ይቅርና በዝርዝር የተመዘገበ ጉልበት፣ ዕቃና ሙያ በአካባቢው የቀን ዋጋ ተሰልቶ ይቆጠርልን።

የግንባታና የእድሳት ገንዘብ ከየካቲት በፊት ይለቀቅ። ይህ ካልተቻለ የሰኔ 30 ገደብ ክረምት ለሚያቋርጣቸው ሥራዎች እስከ ኅዳር ድረስ በራሱ ይራዘም እንጂ ገንዘቡ አይመለስ። በውል ዘመን የምንዛሪ ዋጋ በከፍተኛ ሁኔታ ሲለወጥ በጀት የሚከለስበት አንቀጽ በውሉ ይግባ፤ ከሐምሌ 2016 በፊት የተፈረሙትና በጉድለት የቆሙት ሥራዎች፣ የትምህርት ቤቱን ጨምሮ፣ እንደገና ይታዩ።

ደረሰኝ ለሌላቸው አነስተኛ ክፍያዎች በተከፋዩ፣ በሁለት ምስክርና በእድሩ የተፈረመ ሰነድ ይቀበሉን፤ ወደ ሥራው ቦታ የሚደረግ ማጓጓዣና የበጎ ፈቃደኞች ምግብ እንደ ፕሮጀክት ወጪ ይያዙ።

የተቀባዮችን ፊት የሚያሳይ ፎቶግራፍ ግዴታ መሆኑ ዛሬውኑ ይቅር። ይህ በጀት አይፈልግም፤ ቦርድ እስኪሰበሰብም መጠበቅ የለበትም። እስካሁን በገጾቻችሁ ላይ የለጠፋችኋቸውን የሰፈራችንን ሰዎች ምስሎችም እንድታነሡልን እንጠይቃለን።

በመጨረሻም፣ ውድቅ ለሚሆን ማመልከቻ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥ፤ ከገምጋሚ ኮሚቴው አባላትም አንዱ ከከተማ ዳር ከሚሠሩ ክለቦች ይመረጥ። ማስታወቂያው በሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ከእኛና ከመሰሎቻችን ጋር የምትነጋገሩበት ስብሰባ ጥሩልን። አዳራሽ መከራየት ካስቸገረ የሰፈራችን እድር ድንኳኑንና ወንበሩን ያቀርባል፤ የቤቱን ጣሪያና የትምህርት ቤቱን ቧንቧም በዚያው ታያላችሁ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክለቡ ገንዘብ ያዥ፣
ስለ ክለቡ አባላት ሁሉ

ግልባጭ፦
ለክለቡ ሊቀመንበር
ለአካባቢው እድሮች ኅብረት
በከተማ ዳር ለሚገኙ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክለቦች